ሦስት አሳንሰር ያስቆመው ጆሮዬ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ድኛለሁ። እኔ ራሴ የሰው የሕመም ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ሰውየው መዳኑን ካላየሁ አላርፍም። ስለዚህ እናንተን አላንገላታም። ዛሬ በሥራዬ ላይ ነኝ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፣ በቀኝ ጎኔም እተኛለሁ። በቀኝ ጎን መተኛት ደግሞ ምን ወግ አለው ለምትሉ፣ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

ስሜ ፈንታሁን ነው። መታወቂያዬ ላይ ፒንሐስ ይላል፣ ሥራ ቦታ ፒኒ ይሉኛል፣ እናቴ ፈንታ ትለኛለች። ከጎንደር አገር የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከናታንያ ሌላ ከተማ ኖሬ አላውቅም። ሥራዬ አሳንሰር መጠገን ነው፤ እዚህ በዕብራይስጥ ማዓሊት እንላታለን። ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬበታለሁ።

ስለ ሥራዬ ጥቂት ካልነገርኋችሁ ሕመሜ አይገባችሁም። በዚህ አገር ሕግ ማንኛዋም አሳንሰር በየስድስት ወሩ ፈቃድ ባለው መርማሪ ትፈተሻለች። ቦዴክ እንለዋለን። ገመዷን፣ ፍሬኗን፣ የበሯን ዓይን፣ የአደጋ ስልኳን፣ መብራት ሲሄድ የምትበራዋን ትንሿን አምፖል ሳይቀር ያያል። ከተገቢው በላይ ከፈጠነች ሐዲዱን ነክሶ የሚያስቆማት ልጓም አላት፤ እሱንም ይፈትነዋል። ከዚያ ታስኪር የሚባል ወረቀት ይጽፍላታል፤ ደህና ናት፣ ቀጣዩ ምርመራ በዚህ ቀን ነው የሚል። ያ ወረቀት ከሌላት ሰው መጫን አትችልም። እኛ ጠጋኞቹ ደግሞ በምርመራና በምርመራ መካከል እየዞርን እንከባከባታለን። የኛ ሕግ አጭር ናት፦ ከተጠራጠርህ ዝጋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የአሳንሰር ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም።

ሕመሙ የጀመረኝ ኢር ያሚም በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ዓርብ ረፋድ ነው። አሳንሰሯ ጣራ ላይ ቆሜአለሁ፤ ሥራችን ብዙ ጊዜ ከውስጧ ሳይሆን ከጣራዋ ላይ ነው። ባልደረባዬ ግሪሻ ከላይ የሞተር ክፍል ውስጥ ነበር። ግሪሻ ከሩሲያ የመጣ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ የተናገረው ሁሉ ቢደመር አንድ ገጽ አይሞላም። ገመዱን ለማየት ቀና አልሁ። ያን ጊዜ አሳንሰሯ ከእግሬ ሥር ሸሸች። ወደ ታች ሰመጠች፣ ደግሞም ዞረች። የጣራዋን ብረት ጨብጬ ቀዩን ማቆሚያ መታሁት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁሉም ጸጥ አለ።

“ግሪሻ፣ ለቀቅሃት እንዴ?”

“አልነካሁም።”

“ሰመጠች እኮ።”

“አልሰመጠችም።”

ገመዱ ላይ በቀለም የምናደርጋት ምልክት አለች፤ አሳንሰሯ ከተንቀሳቀሰች ምልክቷም ትንቀሳቀሳለች። ግሪሻ አያት፤ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ወጥቼ እኔም አየኋት። ግን ዓይኔ ያየውን ትቼ እግሬ የነገረኝን አመንሁ። ተጠራጠርሁ፣ ዘጋሁ።

የዘጋኋት የሰንበት አሳንሰር ነበረች። ሰንበት አክባሪ በቅዳሜ ቁልፍ አይነካም፤ ይህቺ ግን በሰንበት ማንም ሳይነካት በየፎቁ ራሷ እየቆመች ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሌላኛዋ አሳንሰር ቁልፍ ካልተነካ አትሄድም። አሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ማዳም ሲሞን የምትባል ከፈረንሳይ የመጣች አሮጊት ትኖራለች። በሩ ላይ የመዝጊያውን ወረቀት ስለጥፍ በከዘራዋ ተደግፋ ታየኝ ነበር።

“እስከ መቼ ነው?” አለችኝ።

“ቦዴኩ እሑድ ይመጣል።”

“ነገ የልጅ ልጄ ምኵራብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሪት ያነባል።”

ምን ልበላት? ከሞት ይሻላል ብዬ በልቤ ተጽናናሁና ሄድሁ። እሑድ ዕለት ቦዴኩ ሻውል ክብደት ጭኖ፣ ልጓሙን ፈትኖ፣ ገመዱን ክር በክር አይቶ ምንም አጣባት። ሻውል ሽበታም፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። “ንጹሕ ናት” ብሎ ከፈታት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ራማት ፖሌግ የሚባል ሰፈር፣ ስምንት ፎቅ ባለው አሮጌ ሕንፃ። እዚያ ከጉድጓዱ ታች ሆኜ ሆዷን ለማየት ቀና ስል በላዬ ላይ መጣችብኝ። በእጅና በእግሬ ድሄ ወጣሁ። ዘጋኋት። ሻውል መጣ፣ ምንም አጣ። ሦስተኛዋ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ የቢሮ ሕንፃ ላይ ነበረች። እሷንም ዘጋሁ። ሻውል ሦስተኛውን ታስኪር ፈርሞ መነጽሩን አወለቀ።

“ሦስት ማዓሊት አየሁልህ” አለኝ። “ሞተራቸው ሌላ፣ ገመዳቸው ሌላ፣ ዕድሜያቸው ሌላ። ሦስቱን የሚያመሳስል አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ።”

“ምን?”

“አንተን።”

ተቆጣሁ። እውነት ለመናገር ሰደብሁት፤ በአማርኛ ስለሆነ አልገባውም። ሽማግሌው ጃጀ እያልሁ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ማለዳ ባለቤቴን ዝናሽን ላይ ብዬ አልጋዬ ላይ ወደ ቀኝ ጎኔ ዞር ስል ጣራው ከነመብራቱ ይሽከረከር ጀመር። ፍራሹን በሁለት እጄ ጨበጥሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልጋ ገመድ የለውም፣ ሞተር የለውም፣ የትም አይሰምጥም። ብልሽቱ ያለው እኔው ውስጥ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አሳንሰር ብሆን ኖሮ ራሴን በዚያች ደቂቃ እዘጋው ነበር። አልዘጋሁም። የመሥሪያ ቤታችን የደኅንነት ኃላፊ ኦሪት የምትባል ሴት ናት፤ ራሱን የሚያዞረውን ሰው ሐኪም ጽፎ እስካልሰጠው ድረስ ወደ ጉድጓድ አታስጠጋም፤ ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። እኔ ደግሞ በአርባ አምስት ዓመቴ ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለም። ከጣራ ወርጄ ዕቃ ግምጃ ቤት ስቀመጥ ታየኝና ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ለሰው የማልፈቅደውን ለራሴ ፈቀድሁ። ለዝናሽም፣ ለግሪሻም፣ ለማንም ሳልናገር ወደ ቤተሰብ ሐኪሜ ሄድሁ።

አሁን ዋናውን ስሕተት ልናገር። ዕብራይስጤ ለሥራ ይበቃል። ስለ ገመድ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ኳስ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት እችላለሁ። ስፈራ ግን ቃሉ ሁሉ ይበተንብኛል። ሐኪሙ አልጋው ላይ አስተኝቶ ሊመረምረኝ ጀርባዬን ዝቅ ሲያደርገው ያ ነገር መጣ። ዓይኔን ጨፈንሁ። በአማርኛ ልቤን ልስት ነው ማለት ፈልጌ በዕብራይስጥ “ሌቭ፣ ሌቭ ሼሊ” አልሁ፤ ልቤ፣ ልቤ እንደ ማለት። ሐኪሙ ገና ሁለተኛውን ሌቭ ሳልጨርስ ስልክ አነሳ። አምቡላንስ መጣ።

ዝናሽ የምትሠራው መዋዕለ ሕፃናት ነው። ሚዩን፣ ማለት ድንገተኛ ክፍል፣ የደረሰችው ሽርጧን ሳትፈታ ነበር። ደረቴ ላይ የተለጠፉትን ሽቦዎች አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ አለቀሰች። ልብህ ደህና ይመስላል እንዳሉኝ ስነግራት ግን እንባዋ ደርቆ ቁጣዋ መጣ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“አንድ ወር ቢሆነው ነው።”

“አንድ ወር። ማዓሊቷ ስትታመም የመዝጊያ ወረቀት ትጽፍላታለህ፣ በር ላይ ትለጥፍላታለህ። አንተ ስትታመም ሚስትህ ከሚዩን ተደውሎ ትሰማ?”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ የተባለው ለኔ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቶር ዘመን መጣ። ቶር ወረፋ ነው፤ ቀጠሮም ነው። እዚህ አገር ታማሚ የሚኖረው በቶር ነው። ሆልተር የሚባል፣ ቀንና ሌሊት የልብን ምት የሚመዘግብ ትንሽ ሣጥን ደረቴ ላይ አሥረው አሳደሩኝ። በድምፅ ሞገድ ልቤን አዩት። እየሮጥሁ ለኩኝ። የልብ ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ ልብህ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ልብ ነው አለኝ። ደስ ይላል፤ ግን ልቤ ደህና ከሆነ የምስተው የማንን ልብ ነው? ግፊትህ ትንሽ ከፍ ብሏል ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ያ ኪኒን ደግሞ ስነሳ የባሰ ያንገዳግደኝ ጀመር። አንገትህ ይሆናል ያለም ነበር፤ በርካታ ሳምንት አንገቴን አሹኝ። ሁሉም ደጎች ነበሩ፣ ሁሉም ለፍተዋል። እኔ ልብ ብዬ ስለጀመርሁላቸው ሁሉም በከፈትሁላቸው በር ነው የገቡት።

የመጠበቂያ ክፍሎቹን መቼም አልረሳም። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ፤ ቀና እንዳልል እፈራለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሳልጠይቀው ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። ስሙን አላውቀውም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ግማሽ ብርቱካን ከብዙ ኪኒን በላይ አበረታኝ።

እናቴ ደግሞ የራሷ ምርመራ ነበራት። “ምች ነው የመታህ” አለች። በረንዳዋ ላይ በቆርቆሮ ያበቀለችውን ዳማከሴ ቀጥፋ አሽታ አሸተተችኝ። ደስ ይል ነበር ሽታው። አላዳነኝም እንጂ። “እኔ እኮ የነገርሁህ ድሮ ነው” አለች። “ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፣ ቀና ብሎ ዛፍ ያያል። አንተ ቀና ብለህ ጉድጓድ ታያለህ። ቀና ብሎ ጉድጓድ ማየት ምን የሚሉት ሥራ ነው?”

ይህ ሁሉ ሲሆን መሥሪያ ቤት ሆዴን ነው ያመመኝ ብያለሁ። እየሠራሁ ነበር። ዘዴ አበጅቼአለሁ፤ ቀና ከማለት ይልቅ ወገቤን ወደ ኋላ አጠፋለሁ፣ በመስታወት አያለሁ። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ግን እንዳለ ልጻፈው።

አንድ ቀን ራማት ፖሌግ፣ ያው ስምንት ፎቁ ሕንፃ ላይ፣ ጣራዋ ላይ ቆሜ መስታወቱ ከእጄ አመለጠ። ሳላስበው ወዴት ወደቀ ብዬ ጭንቅላቴን አዞርሁ። ዓለም ተገለበጠ። በጉልበቴ ወደቅሁ፤ እጄ የሚይዘው ሲፈልግ ገመዱን ጨበጠ። በኛ ሥራ መጀመሪያ የሚነገርህ ነገር ገመድ አትጨብጥ ነው። አሳንሰሯ ብትንቀሳቀስ ገመዱ እጅህን ይዞት ተሽከርካሪው ውስጥ ይገባል።

ግሪሻ ከላይ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። ሌላ ሕግ አለን፦ ጣራ ላይ ያለው ሰው “አንቀሳቅስ” ካላለ፣ ከላይ ያለው አይነካም። አምስት ደቂቃም ቢሆን፣ አሥርም ቢሆን። እኔ ቃል አልወጣኝም። ግሪሻም አልነካም። እጄ ዛሬ እጅ ሆኖ ይህን የሚጽፈው በዚያች ሕግ ነው።

ወርዶ መጣና ጣቶቼን አንድ በአንድ ከገመዱ አላቀቀ። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርሁት። ግሪሻ በአሥራ አንድ ዓመት ያልተናገረውን ያን ዕለት ተናገረ።

“አሥራ አንድ ዓመት ጣራ ላይ ስትወጣ ሁለት ሰው ነን ብዬ ነው ቁልፉን የምይዘው። ለካ ከወራት ወዲህ ብቻዬን ነኝ። እጅህ ቢቆረጥ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ላይ ያለው የእኔ ጣት ነው። ወይ ለኦሪት አንተ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። እስከ ነገ ጠዋት።”

እኔ ስለ ራሴ እንጀራ ስፈራ ስለ እሱ ጣት አስቤ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈርሁት ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ሰዓቴ ሳይደርስ ሄጄ ነገርኋት። ኦሪት አልጮኸችም። ወደ አሳንሰር ጣራ መውጫ የፈቃድ ካርዴን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች።

“ሐኪም፣ ‘በከፍታ ላይ መሥራት ይችላል’ ብሎ እስኪጽፍልህ ግምጃ ቤት ትሠራለህ” አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ተጠራጠርህ፣ ዘጋህ። ልክ አደረግህ” አለችኝ።

ዘገየሁ እንጂ፣ አዎ፣ ዘጋሁ። የሚገርመው ግን ያን ቀን ከሳምንታት በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። የምደብቀው ነገር አልነበረኝም።

ፖሌግ ያለው ግምጃ ቤታችንም የፈራሁትን ያህል አልነበረም። የበር ጎማ፣ የቁልፍ አምፖል፣ የተንቀሳቃሽ ደረጃ ማበጠሪያ ጥርስ እየለየሁ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ማበጠሪያው ደረጃው ገብቶ የሚጠፋበት ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ ጥርሱ ከተሰበረ ጫማም ጣትም ይይዛል። ከዚያ ወዲህ የገበያ አዳራሽ ስሄድ ከዕቃ በፊት ማበጠሪያ ነው የማየው። ዝናሽ ከኔ ጋር ገበያ መሄድ ትታለች።

መዳኔ የጀመረው በእናቴ ቶር ነው። ለስኳሯ ኩፓት ሆሊም፣ ማለት ጤና ጣቢያዋ፣ ይዣት ሄድሁ። እዚያ ለኛ ሰዎች በአማርኛ የምታስተረጉም ሜጋሼሬት አለች፤ ታደለች ትባላለች፣ እሷም የጎንደር ልጅ ናት። እናቴን ስለ ስኳሯ ብትጠይቃት እናቴ ስለ እኔ መናገር ጀመረች፤ ሐኪምን እንደ አገሩ ሮፌ ነው የምትለው።

“የኔስ ይቅር። ይኸ ልጄ ልቡን ይስታል፣ ሮፌዎቹ ልቡን አይተው አይተው ምንም አጡበት።”

ታደለች ብዕሯን አስቀመጠች። “ጋሼ፣ ልብዎን ያምዎታል?”

“አያመኝም።”

“ይመታል? ደረትዎን ይጨንቅዎታል?”

“የለም።”

“እንዲያስ ምንድን ነው?”

“ቀና ስል፣ ስተኛ፣ በቀኝ ጎኔ ስዞር ቤቱ ይሽከረከራል። ልቤን ልስት እደርሳለሁ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይተወኛል።”

አየችኝ፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። “ለሮፌው ‘ሌቭ’ አሉት አይደል?”

“ታዲያ ልብ በዕብራይስጥ ሌላ ምን ይባላል?”

“ጋሼ፣ የኛ ልብ ብዙ ነገር ነው። እናስታውስበታለን፣ እናስብበታለን፣ ስንወድቅ እንስተዋለን። የነሱ ሌቭ ግን ደም የሚረጨው ሥጋ ነው። ልቤን ሲሉት ደረትዎን ይከፍትልዎታል እንጂ ራስዎን አያይልዎትም። ይህን ስሕተት በሳምንት ሁለት ጊዜ አየዋለሁ።” ከዚያ በዕብራይስጥ አምስት መስመር ጻፈችልኝ። ልብ የሚል ቃል አልነበረበትም። ምን ሳደርግ እንደሚመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ በየት ጎኔ እንደሚብስ ብቻ ነበር። እናቴ ከጎን “እኔ ስናገር ነው የተገኘ” አለች። እውነቷን ነው።

ሐኪሜ አምስቷን መስመር አንብቦ ግንባሩን መታ። “ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ” አለ። ነግሬህ ነበር፣ በሌላ ልብ ነው እንጂ፣ አልሁ በሆዴ። ራስ ማዞርን ብቻ ወደምታክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከኝ።

ሴትዮዋ ገና ወጣት ናት፣ እጇ ግን እንደ አሮጌ ባለሙያ የጸና ነው። አልጋ ላይ አስቀምጣ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዞረችው።

“አሁን በፍጥነት ወደ ኋላ አስተኛሃለሁ። ያዞርሃል። ዓይንህን እንዳትጨፍን፤ የሚነግረኝ ዓይንህ ነው።”

አስተኛችኝ። ዓለም ተሽከረከረ። ግን ዓይኔን ከፍቼ ቆየሁ፣ እሷም እያየችኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠረች። ሃያ ሁለት ስትል ቆመ። ከዚያ ጭንቅላቴን ወደ ግራ፣ ሰውነቴን በጎን፣ ቀስ ብላ ደግሞ ወደ መቀመጥ። አንድ እንክብል የለ፣ አንድ መርፌ የለ።

“ጆሮህ ውስጥ ከአሸዋ የደቀቁ ጠጠሮች አሉ” አለችኝ። “የሁላችንም ጆሮ ውስጥ አሉ። ሥራቸው ላይና ታችን መናገር ነው። ማዓሊት ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ እንኳ ወደ ላይ እየሄድህ እንደሆነ የምታውቀው በእነሱ ነው። ያንተ ጥቂቶቹ ከቦታቸው ረግፈው ወደማይገቡበት ቱቦ ገብተዋል። ጭንቅላትህ ሲዞር እነሱም ይንከባለላሉ፣ አእምሮህም ወደቅሁ ይላል። እኔ ያደረግሁት አንከባልዬ ወደ ቤታቸው መመለስ ነው።”

እኔ መሳቅ ጀመርሁ። ሃያ ምናምን ዓመት የማዓሊት ልጓም ስንከባከብ ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ልጓም ተሸክሜ ኖሬአለሁ፤ ያውም ማንም በስድስት ወር የማያየው። እሷም ሥራዬን ስነግራት ሳቀች። የሕመሙ ስም ረጅም ነው፤ የጆሮ ጠጠር በለው፣ ይበቃሃል አለችኝ።

ለእናቴ ስነግራት ግራ ገባት። “ጆሮህ ውስጥ ጠጠር? ማን ጨመረብህ?”

ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። በሁለተኛው ቀን የቆጠረችው እስከ ስምንት ነበር። በሦስተኛው የምትቆጥረው አጣች። ሐኪሙ የግፊቱን ኪኒን አስተወኝና ኦሪት የፈለገችውን ወረቀት ጻፈልኝ፤ በከፍታ ላይ መሥራት ይችላል። ኦሪት ሁለቴ አንብባ ካርዴን ከመሳቢያዋ አወጣች።

ዝናሽ የወረቀቱን ግልባጭ መኝታ ቤታችን በር ላይ፣ አሳንሰር ውስጥ እንደምንለጥፈው አድርጋ በላስቲክ ሸፍና ለጠፈችው። ከሥሩ በእጇ ጽፋበታለች፦ “የሚችለው ጭነት፦ አንድ ሚስት፣ አንድ እናት፣ ሦስት ልጆች። ቀጣይ ምርመራ፦ ከስድስት ወር በኋላ።” እስካሁን አልተነሳም። እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች።

እንደኔ ራሱን ለሚያዞረው ሰው የምለው ይህን ነው። ለሐኪም የአካልህን ስም ብቻ አትስጠው፤ ምን ስታደርግ እንደሚመጣብህና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ንገረው። በቋንቋህ የሚያስተረጉም ሰው ካለ አትፈር፣ ጥራው። ማዞር ሁሉ ጠጠር አይደለም፤ አፍህ ከተኮላተፈ፣ እጅህ ወይም እግርህ ከሰነፈ፣ ወይም ደረትህን ካመመህ ቶር አትጠብቅ፣ ሚዩን ሂድ። እስኪለይልህ ድረስም መኪና አትንዳ፣ መሰላል አትውጣ። ቤትህ ውስጥ ደግሞ አትደብቅ።

የተመለስሁበት የመጀመሪያው ሥራ ኢር ያሚም፣ ያቺው ሃያ ሁለት ፎቅ ሆነች። ስድስት ወሯ ደርሶ ሻውል ለምርመራ መጥቶ ነበር። መግቢያው ላይ ማዳም ሲሞን የገበያ ጋሪዋን እየጎተተች አገኘኋት። በዚያ ሰንበት በከንቱ እንዳስቀረኋት፣ ጥፋቱ የማዓሊቷ ሳይሆን የጆሮዬ እንደነበረ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

“ማን ቀረ?” አለችኝ። “አራት የልጅ ልጆቼ በወንበር ተሸክመው ከአሥራ ስድስተኛ ፎቅ አወረዱኝ፣ እንደ ሙሽራ እየዘፈኑ። በየፎቁ ጎረቤት በር እየከፈተ አጨበጨበልኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ እንዲያ ሆኜ ምኵራብ ገብቼ አላውቅም።” ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። “ደግሞ ስማ፣ ተጠራጥሮ የሚዘጋ ሰው ባለበት ሕንፃ ነው እኔ የምተኛው።”

ሻውል መነጽሩን እየጠረገ፣ “ማዓሊቶቹንስ ይቅርታ ጠየቅሃቸው?” አለኝ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ካስተዋሉት ነው።

ጣራዋ ላይ ወጣሁ። ግሪሻ ከላይ ነበር። ከሥሬ ያለውን ብረት በእግሬ ጨቆንሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ፣ ደም የሚረጨው ልቤ፣ ይመታ ነበር። ዓይኔን ሳልጨፍን ቀና አልሁ። ገመዶቹ እስከ ላይ ድረስ ተወጥረው ይታያሉ። እንደ ሴትዮዋ መቁጠር ጀመርሁ። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። ቀለም ያለባት ምልክት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

“ፒኒ” አለ ግሪሻ ከላይ። “እንዴት ናት?”

“ቆማለች።”

ደግሞ ጠየቀኝ። “አንተስ?”

“እኔም ቆሜአለሁ” አልሁት። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሆኖ ቃሌን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

“አንቀሳቅስ።”